የጠመንጃው ሆድ ሲነበብ
(ስለ ጥንታዊ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዎችና ስለ ታሪክ ማስረጃ)

«ኦርጅናል ነው?»

መርካቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ሻጩም ሳያመነታ «ኦርጅናል ነው እንጂ! ስሙን አታየውም እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ገዢው ስሙን ያያል፤ ይከፍላል፤ ይሄዳል። እኛ የታሪክ ተማሪዎች በዚህ ገዢ እንስቃለን፤ ራሳችንን ብንመረምር ግን ከእሱ እምብዛም አንሻልም። አንድ ሰነድ እጃችን ሲገባ አስቀድመን የምንፈልገው ከላይ የተጻፈውን ስም ነው። ስሙ ትልቅ ከሆነ እናምናለን፤ ካልታወቀ እንጠራጠራለን። ስሙን ማን ጻፈው? መቼ? ለማን ብሎ? ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

በዚህች ጽሑፍ ይህንን ጥያቄ በወረቀት ላይ ሳይሆን በብረትና በእንጨት ላይ ልናነሳው አስበናል። ርእሳችን የጥንት ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነው። «በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ውስጥ ጠመንጃ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ጥቂት ይታገሠን። (ለይተን ካልጠቀስን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ግድግዳ ላይ የተሰቀለው

ባለፈው ክረምት ሦስት ሆነን አንድ የዶርም ጓደኛችንን ተከትለን ወደ አያቱ አገር ወርደን ነበር። አያቱ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ቤቱ ለሙት ዓመቱ ድግስ ሽር ጉድ ይላል። ከግድግዳው ላይ፣ ከመስቀያው ቀንድ፣ አንድ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ተንጠልጥሏል። የጓደኛችን አጎት ወደሱ እያመለከቱ እንዲህ አሉን፦

«ጃንሆይ በገቡ ጊዜ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ለአባባ የሸለማቸው ነው። የእንግሊዝ ሥራ ነው፤ ስሙም እዚህ ላይ ተጽፏል። ለሙት ዓመታቸው ሁለቴ እተኩስበታለሁ። ለዚሁ ብዬ አዲስ ጥይት ከከተማ አስመጥቻለሁ።»

እውነትም ሁለቱን ቱቦዎች ከላይ በሚያያይዘው ዘንግ ላይ በላቲን ፊደል «ሪቻርድስ» የሚል የእንግሊዝ ስም ተቀርጿል። ጓደኛችን ከቤተ መጻሕፍት ያገኘውን አንድ የጠመንጃ ታሪክ መጽሐፍ ሲያገላብጥ የከረመ ልጅ ነውና «ጋሼ፣ ፈትተን ከሥሩ ብናየውስ?» አላቸው። አጎትየው ፊታቸው ከበድ አለ። «ምን ሊገኝበት? አባባ በሕይወት እያሉ ከዘይት በቀር እጅ አላስነኩትም» አሉ። ከብዙ ልመና በኋላ ግን ፈቀዱ። ጥይት አለመጉረሱን አየን፤ የፊት እንጨቱን አወጣን፤ ቱቦዎቹን ከገላው ነጥለን በነጠላ ላይ አጋደምናቸው። ሆዱ ታየ።

ያየነውን ከመናገራችን በፊት ግን አንባቢ እንዲህ ያለው ጠመንጃ ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ይገባዋል።

፪. «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም»

እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፉ ነበር፤ ባሩዱም እርሳሱም ከፊት ገብቶ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ያገራችን ሰው እንዲህ ያለውን የሚያዘገይ ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» ብሎ የቀለደበት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1830ዎቹ ፓሪስ ላይ ካዚሚር ለፎሹ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ ቱቦዎቹ ወደ ታች ታጥፈው ከኋላ የሚጎርሱበትን ዘዴ አወጣ። በ1851 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን የእሱ ሥራ ከታየ በኋላ እንግሊዞቹም ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሠላሳ ዓመታት ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በፍጥነት ተለወጠ። በ1863 ፐርዲ ቱቦዎቹን ከሥር የሚቆልፍ ተንሸራታች ብረት አወጣ፤ በ1865 ስኮት ከላይ በአውራ ጣት ገፋ ተደርጎ የሚከፍተውን ምላስ ከዚያ ብረት ጋር የሚያገናኝ ዘንግ ሠራ፤ በ1875 ደግሞ በበርሚንግሃም የዌስትሊ ሪቻርድስ ሰዎች የነበሩት አንሰንና ዲሊ መዶሻውን ከውጭ አንስተው በገላው ውስጥ ደበቁት።

እነዚህ ዓመታት ለምን ይጠቅሙናል? ቢባል፣ እያንዳንዱ ፈጠራ ልደቱ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስለተጻፈ ነው። አንድ ሰው «ይህ ጠመንጃ በ1860 የተሠራ ነው» ብሎ ቢያመጣልን፣ መዶሻውም በአንሰንና በዲሊ ዘዴ ከውስጥ ቢሆን፣ ክርክር አያስፈልግም፤ ከ1875 በፊት ሊሆን አይችልም። ወይም ጠመንጃው ቆየት ያለ ሆኖ አንዱ ክፍል በኋላ የተጨመረበት ነው። የፊት እንጨቱን የሚይዘው መቀርቀሪያም እንዲሁ ነው፤ ከጫፉ ተገፍቶ የሚለቀው የአንሰን ዘዴ በ1872፣ ከሥሩ ተስቦ የሚለቀው የዲሊና የኤጅ ዘዴ በ1873 የወጡ ናቸው።

ይህ ዘዴ ለታሪክ ሰው አዲስ አይደለም። በ1440 ጣሊያናዊው ሎሬንዞ ቫላ «ቆስጠንጢኖስ ለሮም ጳጳስ የሰጠው ስጦታ» ይባል የነበረውን ሰነድ ሐሰተኛነት ካጋለጠባቸው መንገዶች አንዱ ቋንቋውን መመርመር ነበር፤ በቆስጠንጢኖስ ዘመን ገና ያልተፈጠሩ ቃላት በሰነዱ ውስጥ ተገኙበት። ያለ ዘመኑ የገባ ቃልና ያለ ዘመኑ የገባ መቀርቀሪያ አንድ ዓይነት ምስክሮች ናቸው።

፫. ሳይጠየቅ የሚመሰክረው ማኅተም

ስሙ የተቀረጸው ለገዢ ዓይን ነው። ቱቦዎቹ ተነጥለው ሲገለበጡ ግን ጥይት ከሚጎርስበት ቦታ ሥር ባለው ጠፍጣፋ ላይ ሌላ ዓይነት ጽሕፈት ይታያል፤ ጥቃቅን ዘውዶች፣ ፊደሎች፣ ቁጥሮች። ለውበት የተሠሩ አይደሉም፤ አንዳንዶቹም ተጣመው የተመቱ ናቸው። እነዚህ የፈተና ማኅተሞች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደካማ ቱቦ ሲተኮስ ይፈነዳል፤ የተኳሹንም እጅ ይወስዳል። ስለዚህ ጠመንጃው ከመሸጡ በፊት ከተለመደው እጅግ የበለጠ ባሩድና እርሳስ እየጎረሰ ይተኮሳል፤ ከተረፈ ማኅተም ይመታበታል፤ ካልተረፈ ይጣላል። የለንደን ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር የንጉሥ ቻርተር ያገኘው በ1637 ነው። የበርሚንግሃም መፈተኛ ቤት በፓርላማ ሕግ የቆመው በ1813 ነው። ማኅተሙን አስመስሎ መምታት በ1868ቱ ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር።

የማኅተሞቹ ዓይነት ከዘመን ዘመን ስለተለዋወጠ፣ ማኅተም ማንበብ ለሚችል ሰው ጠመንጃው የልደት ወረቀቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ጥቂቶቹን ብቻ እንጥቀስ፦

ከ1813 እስከ 1904 በበርሚንግሃም የተፈተነ ቱቦ ዘውድ ከላዩ ያለበት የሁለት በትረ መንግሥት መስቀለኛና በዙሪያው ቢ፣ ሲ፣ ፒ የሚሉ ፊደሎች አሉት። ከ1904 ወዲህ ይህ ቀርቶ ከዘውድ ሥር ቢ.ፒ.፣ ቢ.ቪ.፣ ለጭስ አልባ ባሩድም ኤን.ፒ. የሚሉት መጡ።

በ1875 የአፈሙዙን ጫፍ አጥብቦ እርሳሱ እንዳይበተን ማድረግ ፋሽን ሲሆን፣ ሰዎች በዚያ ጠባብ አፍ ድፍን ጥይት እንዳይተኩሱ «ለድፍን ጥይት አይሆንም» የሚል የእንግሊዝኛ ማስጠንቀቂያ ይመታበት ጀመር። በ1887 ይህ ቀርቶ «ቾክ» በሚል ቃል ተተካ። እንግዲህ የመጀመሪያው ጽሕፈት ያለበት ቱቦ የተፈተነው በነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ውስጥ ነው።

የቤልጅግዋ ሊዬዥ ደግሞ የራሷ ማኅተም አላት፤ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት ፊደሎች። ከ1893 ወዲህ በዚህ ላይ ዘውድ ተጨመረ። ዘውድ የሌለው ከዚያ በፊት፣ ዘውድ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። ለጭስ አልባ ባሩድ የተፈተነው አንበሳና ፒ.ቪ. የሚሉ ፊደሎች ይጨመሩበታል።

በ1944 በጀርመኖች ጥይት የተገደለው ፈረንሳዊው የታሪክ ሊቅ ማርክ ብሎክ፣ ለኛ ለኋለኞቹ ሊነግሩን አስበው ከተጻፉት ምስክርነቶች ይልቅ ሳያስቡት የመሰከሩት ይበልጥ እንደሚታመኑ አስተምሯል። መፈተኛ ቤት ውስጥ ማኅተሙን የመታው ሠራተኛ ስለ እኛ አላሰበም። ስለ ገዢውም አላሰበም። ቱቦው ተርፏል፤ መታበት፤ ቀጣዩን አነሳ። ልናምነው የምንችለው ስለዚህ ነው።

፬. ቁጥርና ብሎን

ማኅተሙ ቱቦው መቼና የት እንደተፈተነ ይነግረናል እንጂ ቱቦው፣ ገላውና እንጨቱ አብረው መወለዳቸውን አይነግረንም። ለዚህ ሌላ ምስክር አለ፤ ተራ ቁጥር። ጥሩ ጠመንጃ ቁጥሩ በአንድ ቦታ ብቻ አይገኝም፤ በገላው ወይም ምላጩን በሚከበው ቀለበት ጭራ ላይ፣ በቱቦዎቹ ሥር፣ በፊት እንጨቱ ውስጥ ባለው ብረት ላይ ይደጋገማል። ሦስቱ አንድ ከሆኑ አብረው ከአንድ ቤት ወጥተዋል። አንዱ ከተለየ፣ ያ ክፍል ከሌላ ጠመንጃ የመጣ እንግዳ ነው።

ባለጸጎቹ እንግሊዞች መንታ ጠመንጃ ያሠሩ ነበር፤ ጌታው በአንዱ ሲተኩስ አሽከሩ ሁለተኛውን ያጎርሳል። መንታዎቹ በቱቦው፣ በመክፈቻው ምላስና በፊት እንጨቱ ላይ 1 እና 2 ተብለው ብዙ ጊዜ በወርቅ ይቆጠራሉ። ታዲያ ከመቶ ዓመት በኋላ የአንደኛው ቱቦ በሁለተኛው ገላ ላይ ተገጥሞ ይገኛል። አንድ አሽከር በድካም ማታ ወልውሎ ሲገጥም ተሳስቶ ይሆን? ጠመንጃው ይህን አይነግረንም፤ መለዋወጡን ግን አይደብቅም።

ቁጥር በሌለበት ዓይን ይሠራል። የጥሩ ጠመንጃ ብሎኖች ጥርሳቸው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮ ይቆማል፤ በብሎኑ ራስ ላይ ያለው የቅርጽ ሐረግም ከዙሪያው ሐረግ ጋር ሳይቆረጥ ይቀጥላል። ሐረጉ የተቆረጠበት ብሎን ተለውጧል። ጥርሱ የተቦጫጨቀ ብሎን ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ልኩ ባልሆነ ካቻቢቴ እንደታገለው ይናገራል። እንጨቱ ከሠሪው እጅ ሲወጣ ከብረቱ እጅግ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ከብረቱ ዝቅ ያለ እንጨት በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ታድሷል። ብረቱ በእሳትና በአጥንት ከሰል ሲጠነክር ያገኘው ሰማያዊና ቡናማ ደመና እጅ በሚነካው ቦታ ይጠፋል፤ እጅ በማይደርስበት ጉድጓድ ግን ይቀራል። እንግዲህ እጅ የሚያዘወትረው ቦታ ሁሉ እንደ አዲስ ቀለም ሆኖ ካየን ልንጠራጠር ይገባል።

ቱቦውስ? ሁለቱ ቱቦዎች ከኋላ ተራርቀው ይጀምሩና ወደ ጫፍ ሲሄዱ እየተቀራረቡ ጫፋቸው ላይ ሊነካኩ ይደርሳሉ። በጫፉ ላይ በመሐላቸው ሰፋ ያለ ክፍተት ካለ አንድ ሰው በመጋዝ አሳጥሯቸዋል። ያረጀውን ቱቦ ሥሩን ብቻ አስቀርቶ፣ የፊቱን ቆርጦ አዲስ ቱቦ መሰካትም አለ። እንግሊዞቹ ይህ ሲደረግ በእንግሊዝኛ «ስሊቭድ» የሚል ቃል እንዲመታበት ያዛሉ፤ ቃሉ ቢጠፋ እንኳ ከመጎረሻው ጥቂት ኢንች ፈንጠር ብሎ ቱቦውን የሚከብ ቀጭን የመጋጠሚያ መሥመር ይቀራል።

ውስጡም ይለካል። 12 ቁጥር የሚባለው ጠመንጃ፣ አንድ ፓውንድ እርሳስ 12 እኩል ድቡልቡል ቢሆን አንዱ ልክ የሚገባበት ነው፤ ይህም 0.729 ኢንች ወይም 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዝገት በተጠረገ ቁጥር ይህ ይሰፋል፤ ግድግዳውም ይሳሳል። ከላይ የሚያብረቀርቅ፣ ከውስጥም እንደ መስተዋት የጠራ አሮጌ ቱቦ ብዙ ጊዜ የጤና ምልክት ሳይሆን የመክሳት ምልክት ነው። ገዢ በሚደሰትበት ነገር መርማሪ ይደነግጣል ማለት ነው።

፭. ታዲያ «ኦርጅናል» ማን ነው?

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ አንድ ነገር አስቀድሞ ያምናል፤ አንድ ሠሪ አንድ ጠመንጃ ሠርቶ ስሙን ጻፈበት፣ ከዚያ በኋላ የተነካው ሁሉ ባዕድ ነው የሚል እምነት። ይህ እምነት ራሱ ግን ወደ በርሚንግሃም ሲወሰድ አይቆምም።

በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በርሚንግሃም ውስጥ የጠመንጃ ሠፈር የሚባል ነበረ። በዚያ ሠፈር ጠመንጃ በአንድ ጣራ ሥር አይሠራም። ቱቦ የሚበይደው ሌላ፣ ውስጡን የሚቦረቡረው ሌላ፣ ገላውን በሞረድ የሚቀርጸው ሌላ፣ መዶሻና ምላጩን የሚያወጣው ሌላ፣ ዋልነት የሚባለውን እንጨት ጠርቦ ሰደፍ የሚያደርገው ሌላ፣ ሐረግ የሚቀርጸው ሌላ ነው። ያላለቀው ጠመንጃ ከአንዱ ደጃፍ ወደ ሌላው ደጃፍ በሰው እጅ ይመላለሳል። በመጨረሻ ስም ይጻፍበታል፤ ያውም አንዳንዴ የሠራው ቤት ስም ሳይሆን የሸጠው ባለሱቅ ስም።

ከዚህም የባሰ አለ። የዚያን ዘመን የተከበሩ ቱቦዎች ደማስቆ የሚባሉት ናቸው፤ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተጎንጉነው፣ በዘንግ ላይ እንደ መቀነት ተጠምጥመው፣ በእሳትና በመዶሻ ተበይደው የሚሠሩ። ላያቸው በአሲድ ሲታሽ የጉንጉኑ ሐረግ እንደ ጥልፍ ይወጣል። የዚህ ጥበብ ዋና አገር በቤልጅግ ከሊዬዥ አጠገብ የቬዝድር ወንዝ ሸለቆ ነበረ፤ ከነዚያ መንደሮች፣ በተለይም ከኔሶንቮ፣ የወጡ ቱቦዎች ለበርሚንግሃም ይሸጡ ነበር። እንግዲህ ቁጥሩ ሁሉ የገጠመ፣ ብሎኑ ያልተነካ፣ ባለ እንግሊዝ ስም «ኦርጅናል» ጠመንጃ ከሱቅ በወጣባት በመጀመሪያዋ ቀን ቱቦው የቤልጅግ ሰው ላብ ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒውም ሊዬዥ ለውጭ ገበያ በምትሠራቸው ጠመንጃዎች ላይ የእንግሊዝ ስም የሚመስል ስም ይጻፍ ነበር። «ደብልዩ ሪቻርድስ» የሚለው በጣም የታወቀ ነው፤ በ1812 የተመሠረተውን የበርሚንግሃሙን የዌስትሊ ሪቻርድስን ስም ያስታውሳል። በእንግሊዝ አገር ግን በእውነት በዚህ ስም የሠሩ ጠመንጃ ሠሪዎችም ስለነበሩ ስሙ ብቻውን አያስኮንንም፤ አያጸድቅምም። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተሠራበት አገር እንዲጻፍበት ካዘዘች በኋላ ወደዚያ በሚሄዱት ላይ «ቤልጅየም» የሚል ቃል መታየት ጀመረ።

ስለዚህ «ኦርጅናል» ማለት የአንድ እጅ ሥራ ማለት አይደለም። እንደኛ አስተያየት ትርጉሙ ከዚህ አይበልጥም፤ አብረው ከሱቅ የወጡ ክፍሎች ገና አብረው ናቸው ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚባለው የገበያ ቋንቋ ነው። በኋላ የመጣውም ክፍል ቢሆን ሐሰተኛ የሚሆነው «ጥንትም እዚሁ ነበርኩ» ሲል ብቻ ነው፤ «በኋላ መጣሁ» ካለ እውነተኛ ምስክር ነው።

ይህ ነገር ከኛ ቤት የራቀ አይምሰለን። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ያየ ሰው፣ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ በላዩ የሌላ ስም እንደተጻፈ ብዙ ጊዜ ያጋጥመዋል። ገበቴውም የተለወጠ፣ ጥራዙም እንደገና የተሰፋ አለ። መጽሐፉ ሐሰተኛ ሆነ እንላለን? አንልም፤ ሁለት ባለቤት ነበረው እንላለን። ስለ ጠመንጃም ቢሆን፣ አባቶቻችን ስናድር፣ ምንሽር፣ ውጅግራ፣ ለበን እያሉ የጠሩት ስናይደር፣ ማንሊኸር፣ ግራ፣ ለበል የሚባሉትን የውጭ ሰዎች ስም ባገራቸው አንደበት አለዝበው ነው። የፈልሳፊው ስም በአማርኛችን ውስጥ ገብቶ ቀረ። ብረቱን የሞረደው፣ እንጨቱን የጠረበው ግን በየትኛውም ቋንቋ ስም አላገኘም። የሱን እጅ ለማግኘት ጠመንጃውን መፍታት ያስፈልጋል።

፮. ነጠላው ላይ ያየነው

አሁን ወደ አያትየው ቤት እንመለስ።

ቱቦዎቹን ስንገለብጥ የታየን በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ያሉት ሦስት ፊደሎች ናቸው፤ ኢ፣ ኤል፣ ጂ። ከላያቸው ዘውድ አለ። የእንግሊዝ ማኅተም የለም። ጓደኛችን ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሲያዞረው ከዝገቱ ሥር የጥልፍ ሐረግ ብቅ አለ፤ ደማስቆ ነው። ፒ.ቪ. የሚለውን ፈለግን፤ የለም። የቱቦውና የገላው ቁጥር አንድ ነው፤ የፊት እንጨቱ ቁጥር ሌላ። ሰደፉ ደግሞ ዋልነት አይደለም። ዋንዛ ነው፤ አንገቱ ላይ በጠፍር ተጠፍሯል።

አጎትየው ዝም ብለው ሰሙን፤ ከዚያ «አባባ ዋሽተዋል ነው የምትሉን?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጓደኛችንም እኛም ደነገጥን፤ ለዚህ አልመጣንማ። የታሪክ ትምህርት ያን ቀን ያህል ከብዶን አያውቅም።

በመጨረሻ የመለስነው ይህን ነው። «አይደለም ጋሼ። ብረቱ የሚናገረው የተሠራበትን አገር ነው፤ የሰጠውን ሰው አይናገርም። ሊዬዥ የተፈተነ ነው፤ ዘውዱ ስላለበት ከ1893 ወዲህ ነው። የእንግሊዝ መኮንን የቤልጅግ ጠመንጃ ሊሰጥ ይችላል፤ ራሱም ቢሆን ስሙን አይቶ የእንግሊዝ ነው ብሎ አምኖ ሊሆን ይችላል። አባባ የነገሩዎት እሱ የነገራቸውን ነው። መጀመሪያ የዋሸ ካለ ስሙን የጻፈበት ነው።» ስጦታውን ማኅተሙ አላረጋገጠልንም፤ አላፈረሰብንምም። ማስረጃ እስከሚደርስበት ሄደን እዚያ ቆምን።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን ተናገርን። ይህ ቱቦ የተፈተነው ለጥንቱ ለሚጨሰው ባሩድ ነው፤ ከከተማ የመጣው ጥይት ጭስ አልባ ነው። ግድግዳው ምን ያህል እንደሳሳ አይታወቅም። ቢፈነዳ የሚፈነዳው ግራ እጅ በሚይዝበት ዙሪያ ነው። «ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር አይተኩሱበት» አልናቸው። አጎትየው ግራ እጃቸውን አዩ፤ አልመለሱልንም።

ያን ጊዜ ነው የጓደኛችን ሴት አያት ከምድጃው አጠገብ ድምፃቸውን ያሰሙት። ዋንዛ ሲባል ሰምተዋል።

«ሰደፉንማ እኔ አውቀዋለሁ። ትልቋ ልጄ በተዳረች ዓመት በሬው ረግጦ ሰበረውና ጎረቤታችን ጠረበለት። ከዚሁ ከጓሯችን ዋንዛ ነው የቆረጠው። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አንድ ጋን ጠላ ጠጣበት። ጠፍሩን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ አባትህ ያዢልኝ ብሎኝ።»

አጎትየው ይህን ታሪክ ሰምተውት አያውቁም ነበር። ስለ መኮንኑ ያልሰማ የቤቱ ሰው የለም፤ ስለ ጎረቤቱ ግን ማንም ጠይቆ አያውቅም። እማማም ሳይጠየቁ አልተናገሩም። በገበያ ዓይን ቢታይ ያ የዋንዛ ሰደፍ የጠመንጃውን ዋጋ የሚገድል ክፍል ነው፤ «ኦርጅናል» አይደለማ። በእኛ ዓይን ግን ከመላው ጠመንጃ ውስጥ ማን እንደሠራው፣ መቼ፣ ከየትኛው ዛፍ፣ በምን ዋጋ እንደሆነ በሕያው ምስክር ያወቅነው እሱን ብቻ ነው።

በሙት ዓመቱ ዕለት አጎትየው ጠመንጃውን አንግተው ከሰዉ ፊት ወጡ። አልተኮሱም። ጥይቱ ከነካርቶኑ በሳጥን ውስጥ ቀረ። ማታ ሰው ሲበተን ግን ከጎረቤትየው ልጆች አንዱን ጠርተው ሰደፉን ሲያሳዩት አየናቸው።

ውድ ጓደኞቻችን፣ ከዚህ ጽሑፍ የማኅተሞቹ ዓመታት ቢረሷችሁ ግድ የለም፤ መጽሐፍ ላይ ይገኛሉ። አንድ ነገር ግን አትርሱብን። ሰነድም ይሁን ጠመንጃ፣ ብራናም ይሁን የአያት ወግ፣ ስሙን ከላይ አንብባችሁ አትመለሱ። ገልብጡት። ቁጥሩን ከቁጥሩ አስተያዩ። የተለወጠውን ክፍል ስታገኙ ለመጣል አትቸኩሉ፤ ማን ለወጠው ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄውንም ከምድጃው አጠገብ ለተቀመጡት አቅርቡት።